ፊያት 600 ዲ (ሰይቼንቶ) ማደስ፦ ከየት ልጀምር?

የአለምገናው

ሰላም ለሁላችሁ።

የአጎቴ ሰይቼንቶ እኔ እጅ ገብታለች። ፊያት 600 ዲ ናት፣ ባለ 767 ሲሲዋ። የበሮቿ ማጠፊያ ከኋላ ነው። ስለዚህ እ.ኤ.አ. ከ1960 እስከ 1964 ባለው ጊዜ የተሠራች መሆን አለባት። አለም ገና ግቢያችን ውስጥ ቆርቆሮ ጥላ ስር ለዓመታት ቆማለች። ሊብሬ አላት፤ የሞተር ቁጥሩም የሻንሲ ቁጥሩም ይገጥማል።

ያለችበት ሁኔታ ይሄ ነው። ካንዴላ (ብልጭታ ሰጪውን) ፈትቼ፣ በቀዳዳው ዘይት ጠብ አድርጌ ሞተሩን በእጅ ሳዞረው ዞረልኝ። የፍሬን ፔዳሉ ግን መሬት ነክቶ ይቀራል። ራዲያተሩ ውስጥ ያለው ውሃ ሳይሆን ቡናማ ጭቃ ነው። በሾፌሩ በኩል ወለሉ ተበልቶ ሣሩ ይታያል። ጎማዎቹ ባለ 12 ናቸው፣ አራቱም ተሰነጣጥቀዋል።

አንድ መካኒክ አምጥቼ አሳይቼው ነበር። «ቀለም ቀብተን የቪትዝ ሞተር እንግጠምባት» አለኝ። የዚች ሞተር ከኋላ ነው፣ የቪትዝ ከፊት። የት ሊያስገባው እንዳሰበ እሱ ነው የሚያውቀው።

ኤግዚቢሽን ላይ ላቆማት አይደለም። እሁድ እሁድ ሰበታ ደርሳ የምትመለስ መኪና ነው የምፈልገው። በጀቴ ትንሽ ነው። ቅድሚያ ለምን ልስጥ?

ካንዴላ77

እንኳን ደስ አለህ! ፎቶ ሳትለጥፍ ግን የውይይት ክር አይከፈትም ወንድሜ 😄

ያ መካኒክ ደግሞ ድጋሚ ግቢህ እንዳይገባ።

ጋሽ ቴስታታ

ልጄ፣ ቀለሙን ለጊዜው እርሳው። እነዚህን መኪኖች ሰማያዊና ነጭ ተቀብተው ታክሲ በነበሩበት ዘመን ነው መፍታት የጀመርኩት። ቀለሟ የሚያብለጨልጭ ሰይቼንቶ ቁልቁለት ላይ ፍሬን ስታጣ አይቻለሁ።

መጀመሪያ ፍሬን። አራቱም እግር ታምቡር ነው፣ ዲስክ የለም። ታምቡር መሆኑ አያስጨንቅህ፤ መኪናዋ ራሷ ከ600 ኪሎ ብዙም አትበልጥም። የሚያስጨንቀው የፍሬን መስመሩ አንድ ብቻ መሆኑ ነው። የአሁን መኪና መስመሩ ለሁለት የተከፈለ ነው። አንዱ ቢፈስ በሌላው ትቆማለህ። እዚህ ግን አንድ ጎሚኒ (የፍሬን ዘይቱን የሚይዝ ላስቲክ) ከለቀቀ የአራቱም እግር ፍሬን አብሮ ይጠፋል። ስለዚህ ከማስተር ሲሊንደሩ ጀምሮ እስከ እግሮቹ ድረስ ያለው ጎሚኒ በሙሉ፣ የላስቲክ ቱቦዎቹም በሙሉ ይቀየራሉ። «ይሄኛው ደህና ነው፣ ይቆይ» የሚልህን አትስማው። የብረት ቱቦዎቹን ከስር ገብተህ በጣትህ እየዳሰስክ እያቸው። የሻከረ ቦታ ካለ ይውጣ።

የፍሬን እቃውን ስታጥብ በቤንዚን እንዳታጥብ። ቤንዚን ጎሚኒውን ያሳብጠዋል፣ ከዚያ ፍሬኑ ይዞ አይለቅም። በራሱ በፍሬን ዘይት ወይም በንጹህ አልኮል እጠበው።

ሁለተኛ ውሃ። ራዲያተሩ ከኋላ፣ ከሞተሩ ጎን ነው የተቀመጠው። ስትነዳ ንፋስ ፊት ለፊት አይመታውም። የሚያቀዘቅዘው ፋኑ ብቻ ነው። የኛ ከፍታ ደግሞ 2,300 ሜትር አካባቢ ነው። እዚህ ክፍት ድስት ላይ ያለ ውሃ በ92 ዲግሪ ገደማ ይፈላል እንጂ 100 አይደርስም። ጣሊያን ውስጥ የነበራት ትርፍ እዚህ የላትም ማለት ነው። ራዲያተሩን አውርደህ ለሚያውቅ ሰው ስጥ፤ ላይና ታች ሣጥኑን ነቅሎ በሽቦ ይጥረገው። በጎማ ውሃ ማጠብ ብቻውን ዋጋ የለውም።

ሦስተኛው የዘይት ፊልትሮዋ ነው። ይሄንን ብዙ ሰው አያውቀውም። 600 ዲ ላይ እንደ ቆርቆሮ ጣሳ የሚጠመዘዝ ፊልትሮ ፈልገህ አታገኝም። ፊልትሮው ክራንክ ሻፍቱ ጫፍ ላይ ያለው ፑሌጃ (ቺንጋው የሚጠመጠምበት ክብ ብረት) ራሱ ነው። ዘይቱ በዚያ ውስጥ ሲያልፍ በሽክርክሪቱ ጉልበት ቆሻሻው ወደ ዳር ይወረወርና እዚያው ይለጠፋል። ንጹሁ ዘይት ወደ ኩሽኔታዎቹ ያልፋል። ጎበዝ ሥራ ነው። ግን ክዳኑ ተከፍቶ መጠረግ አለበት። ዘይት ብቻ እየቀየሩ ይህንን ሳይከፍቱ የኖሩ ብዙ ናቸው። ያንተንም ክፈተው፤ እንደ ሸክላ ጭቃ የደረቀ ነገር ታገኛለህ። በላስቲክ ወይም በእንጨት ፋቀው፣ በካቻቪቴ አትቧጭረው።

ቀለም ከነዚህ ሁሉ በኋላ ነው።

የአለምገናው

ጋሼ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። የፊልትሮውን ነገር ባይነግሩኝ ኖሮ ሶማሌ ተራ ሄጄ «የሰይቼንቶ ፊልትሮ» እያልኩ ስዞር እውል ነበር።

አንድ ጥያቄ። ራዲያተሩን ካስጠረግኩ በኋላ ምን ልሙላበት? ሁሉም ሰው «አዲስ አበባ በረዶ የለም፣ የቧንቧ ውሃ ይበቃል» ነው የሚለኝ።

ጋሽ ቴስታታ

በረዶ የለም፣ ዝገት ግን አለ። ባንኮው (የሞተሩ አካል) ብረት ነው፣ ቴስታታው (የሞተሩ የላይ ክዳን) አሉሚኒየም ነው። ሁለቱ በቧንቧ ውሃ ውስጥ አብረው ሲቀመጡ አሉሚኒየሙ ይበላል። መጀመሪያ የሚበላው የውሃ ቀዳዳዎቹ ዙሪያ ነው። ከዚያ አዲስ ጓርኒሲዮን (በመሃላቸው የሚገባ ማሸጊያ) ብታስገባም አይይዝም፣ ቴስታታ ማስሞላት ይመጣል። ቡናማ ጭቃ ያልከው እኮ ባንኮው ራሱ ነው የሟሟው።

ኩላንት ከተጣራ ውሃ ጋር ግማሽ በግማሽ አድርግ። ዝገቱን ይከላከላል፤ የመፍያ ነጥቡንም ጥቂት ዲግሪ ከፍ ያደርግልሃል። ሌላም ነገር ልጨምር። አንዳንዱ «እንዳትፈላ» ብሎ የዘመናዊ መኪና ጠንካራ ክዳን ይከድንባታል። የራዲያተሯ ብየዳ ስድሳ ዓመት አልፎታል፣ ያንን ግፊት አይችልም። በራሷ ልክ ያለ ክዳን ይሁን፣ ላስቲኩ አዲስ ይሁን።

ሶልያና ዘለገጣፎ

በመጨረሻ የሰይቼንቶ ክር! እኔ ትልልቅ መብራት ያላት የኋለኛዋ ሞዴል አለችኝ፣ የበሯ ማጠፊያ ከፊት የሆነው። ከለገጣፎ አያት፣ አንዳንዴም እስከ መገናኛ እነዳታለሁ። ሰው ሁሉ መስኮት አውርዶ «ትሸጫለሽ?» ይለኛል። አልሸጥም።

ጋሽ ቴስታታ ዋናውን ተናግረዋል። እኔ የምጨምረው ስለ ካርቡራተሩ ነው፤ ይሄ ነገር ከፍታ ያለበት ሰው ሁሉ ሊያውቀው ይገባል። ካርቡራተሩ የተለካው ለባህር ጠለል አየር ነው። እኛ ጋ አየሩ አንድ አምስተኛ ገደማ ይሳሳል። የሚገባው ቤንዚን ግን በዚያው ልክ አይቀንስም። ስለዚህ ቤንዚኑ ይበዛባታል። ጥቁር ጭስ፣ ጥቁር ካንዴላ፣ ዳገት ላይ መታነቅ፣ ቤንዚን መብላት፣ ሁሉም ከዚህ ይመጣል። መካኒኩ ደግሞ ካንዴላው ጠቁሮ ሲያይ «ፒስተን ሪንግ አልቋል» ብሎ ሞተር ሊያወርድ ይነሳል።

መድኃኒቱ ዋናውን ጄት አንድ ሁለት ቁጥር ዝቅ ማድረግ ነው። ጄት ቤንዚኑ የሚያልፍባት ትንሽ የነሐስ ቀዳዳ ናት። ዌበር ካርቡራተር ከሆነ ቁጥሩ ላይዋ ላይ ተጽፏል፤ 105 ካለ ቀዳዳው 1.05 ሚሊ ሜትር ነው ማለት ነው። በሒሳብ እኛ ከፍታ ላይ ቀዳዳው በዲያሜትሩ አምስት ከመቶ ገደማ ቢጠብ ትክክል ይመጣል። 105 የነበረው ወደ 100 ማለት ነው። ያለችውን ጄት በሽቦ የሚያጠብላችሁ ካለ እንዳታሠሩ። ከዚያ ማቀጣጠያውን ሁለት ዲግሪ ያህል ቀደም አድርጉት፤ በሳሳ አየር ትወደዋለች።

ጉልበት ይመለሳል ብላችሁ ግን አትጠብቁ። ሲወጣ 29 ፈረስ ጉልበት ገደማ ነበር። እዚህ ከሃያ ብዙ አይርቅም። እንጦጦን በሁለተኛ ማርሽ ትወጣዋለች፣ በትዕግሥት።

ካንዴላ77

እኔ የምለው ግን፣ በዚህ ሁሉ ከመድከም ለምን የፊያት 127 ሞተር አይገባም? 903 ሲሲ ነው። የዚችው ሞተር የልጅ ልጅ ነው፣ ውጭ አገር ሰው ሁሉ ይሄንን ነው የሚገጥመው። ዳገት ላይ ሌላ መኪና ትሆናለች።

ጋሽ ቴስታታ

ዘሩ አንድ መሆኑ እውነት ነው። ግን ሦስት ጣጣ አለው። ፍሬኑ ለ29 ፈረስ የተሠራ ነው። ራዲያተሩ ለትንሿም ሲያንሳት ኖሯል። ሞተሩ ወዴት እንደሚዞርም ሳታጣራ አትገዛም። እሱን ሁሉ ብታልፈው ሊብሬው ላይ ያለው የሞተር ቁጥር ሌላ ይሆናል። ቦሎ ልታወጣ ሄደህ «ይሄ ሞተር ከየት መጣ?» ስትባል ምን ትመልሳለህ? ልጁ ቁጥሩ የገጠመ መኪና በእጁ አለ፤ ዛሬ ይሄ ከሞተሩ ይበልጣል።

ካንዴላ77

ጋሼ የሊብሬውን ነገር ተቀብያለሁ። ጉልበቱን ግን አልተቀበልኩም 😅

ባትሪው

ይቅርታ፣ ልትቆጡኝ ትችላላችሁ። በ2016 ዓ.ም. መንግሥት የነዳጅ የቤት መኪና ማስገባት አቁሟል። ከዚያ በፊትም በ2012 የወጣው የኤክሳይስ ታክስ አዋጅ አሮጌ መኪና ማስገባትን አይቀመስ አድርጎታል። መንገዱ ወደ ኤሌክትሪክ ነው። ይቺ መኪና ቀላል ናት፣ ማርሽ ሳጥኗ አለ። ሞተሩን አውጥቶ የኤሌክትሪክ ሞተር ማርሽ ሳጥኑ ላይ መግጠም፣ ባትሪውን ከፊት ማድረግ። መፍላት የለ፣ ጄት የለ፣ የቤንዚን ሰልፍ የለ።

ሶልያና ዘለገጣፎ

ባትሪው፣ ማንም አይቆጣህም። ሐሳቡ መጥፎ አይደለም፣ መኪናዋ ግን ተሳስታለች። ሞተር የሌላት፣ ወይም ባንኮዋ የተሰነጠቀ ሰይቼንቶ ብታገኝ እኔም አብሬህ እሠራለሁ። ይቺ ግን ቁጥሯ የገጠመ፣ ሞተሯ የሚዞር ናት።

ደግሞ አንተ ራስህ ያልከውን ተመልከተው። ሌላ ማስገባት አይቻልም። ስለዚህ ያለችው አንዷ ስትፈርስ ቁጥሩ እየቀነሰ ነው የሚሄደው።

ባትሪው

እሺ፣ ሞተር የሌላት ከተገኘች ግን ለሶልያና እንዳትሰጧት፣ ለኔ ትሁን። 🙂

ላሜራ (ቡራዩ)

የላሜራ ሥራ ነው የምሠራው፤ ስለ ወለሉ ልናገር።

ይቺ መኪና ሻንሲ የላትም። ቦዲው ራሱ ነው የተሸከማት። በበሩ ስር ያለው ጠርዝ ከተበላ መሃሏ ይጎብጣል። ስለዚህ የተበላውን ከመቁረጥህ በፊት የበሩን ክፍተት በብረት ዘንግ ወጥረህ ነጥብ በነጥብ በየደው። ይህንን ካላደረግክ ሥራው አልቆ በሩ አይዘጋም። ብዙ ሰው በሩን ይወቅሳል፣ ጥፋቱ ግን የበያጁ ነው። ሁለቱን ጎን በአንድ ጊዜ አትቁረጥ፤ አንዱን ወገን ጨርሰህ ወደ ሌላው እለፍ።

የቤንዚን ታንከሩ ከፊት ኮፈኑ ስር ነው፤ ባትሪውም እዚያው ነው። ከፊት በኩል ብየዳ ካለ ታንከሩ ይውጣ፣ ከግቢው ይራቅ። ባዶ ነው ብለህ እንዳትተማመን፤ ባዶው ታንከር ነው ይበልጥ የሚፈነዳው። ባትሪው ከተቀመጠበት ስር ያለውን ላሜራም እየው። አሲድ ፈሶበት በልቶት ይሆናል።

ማግኔት ይዘህ ዙራት። ማግኔቱ ያልያዘበት ቦታ ሁሉ ስቱኮ (ከቀለም ስር የሚለጠፍ መሙያ) ነው። የኋላ ጎማ ጉያና የመብራቶቹ ዙሪያ ላይ ስቱኮ ባታገኝ ይገርመኛል።

ሌላው፣ ወለሉን ለጥፈው ሬንጅ የሚቀቡ አሉ። ከስር የቀረው ዝገት በሬንጁ ተሸፍኖ መብላቱን ይቀጥላል። የተበላው ተቆርጦ ይውጣ፣ አዲስ ላሜራ ይግባ፣ ፀረ ዝገት ይቀባ፣ ከዚያ ሬንጅ።

የአለምገናው

ማግኔቱን ይዤ ዞርኩ። የኋላ ግራ ጉያው በሙሉ ስቱኮ ነው! 😂 እንዴት አወቅክ ወንድሜ?

እቃስ ነገር? ጎሚኒ ፍለጋ ወጥቼ ሁሉም ሱቅ «ይሄ ድሮ ቀረ» ነው ያለኝ።

ሶልያና ዘለገጣፎ

በመኪናዋ ስም ከጠየቅክ ሁሌም «ድሮ ቀረ» ነው መልሱ። በልኩ ጠይቅ። አሮጌውን ሲሊንደር ይዘህ ሂድ፣ ውስጡን በካሊፐር ለካ፤ «የዚህን ያህል ሚሊ ጎሚኒ» በል። ያው ልክ የሌላ መኪና ስም ተለጥፎበት ታገኘዋለህ። ኩሽኔታም እንደዚሁ ነው፤ ቁጥሩ ጠርዙ ላይ ተጽፏል። የፍሬን ሸራ አሮጌውን ጫማ ሰጥተህ አዲስ ሸራ ታስለጥፋለህ።

እዚህ የማይገኘውን ከውጭ በሚመጣ ሰው ሻንጣ ነው። ጣሊያን ውስጥ የፊያት 600 እቃ ዛሬም አዲስ እየተሠራ ይሸጣል። «ፊያት» ብለህ ብቻ አትፈልግ። ዩጎዝላቪያዎች ይችኑ መኪና ዛስታቫ 750 ብለው እስከ 1985 እ.ኤ.አ. ሠርተዋታል። ስፔኖች ደግሞ ሴአት 600 ብለው እስከ 1973። የዛስታቫው ሞተርም 767 ሲሲ ነው፤ ብዙው እቃ ይገባል፣ ዋጋውም ይሻላል። ጓርኒሲዮን፣ የውሃ ፓምፕ መጠገኛ፣ ፕላቲን፣ ኮንደንሰር፤ እነዚህ ቀላል ናቸው፣ አንድ ሰው በእጅ ሻንጣ ይዟቸው ይመጣል። ማርሚታ (የጭስ ማውጫ) አምጡልኝ ብለህ ግን ዘመድ እንዳታጣ። እሱን እዚሁ ይበይዱልሃል።

ጎማ፦ ለትንንሾቹ የሱዙኪ ሚኒቫኖች የሚመጣው 145 አር 12 ይገባላታል። የጭነት ጎማ ስለሆነ ትንሽ ያንገጫግጫል። እና እባክህ፣ ጎሚስታው አራቱንም እኩል እንዳይነፋብህ! ክብደቷ ከኋላ ነው። የፊቱ ንፋስ ከኋላው በደንብ ማነስ አለበት። አራቱንም እኩል አጠንክረህ አስፋልቱ ላይ ስትወጣ ኩርባ ላይ ጭራዋ ይቀድምሃል።

አዲስ ገባ

ሰላም፣ መኪና የለኝም፣ ማንበብ ብቻ ነው። አንድ ጥያቄ፦ እርሳስ የሌለው ቤንዚን የድሮ ሞተር ያበላሻል ሲባል ሰምቻለሁ። እውነት ነው?

ጋሽ ቴስታታ

ባለ ብረት ቴስታታ በሆኑት ላይ፣ ቫልቩ በቀጥታ ብረቱ ላይ በሚቀመጥባቸው፣ እውነት አለው። የሰይቼንቶ ቴስታታ አሉሚኒየም ስለሆነ የቫልቩ መቀመጫ ከጠንካራ ብረት ተሠርቶ የገባ ቀለበት ነው። እሷ ብዙ አትጎዳም። የቫልቭ ክፍተቱን በየጊዜው መለካት ግን አይቅር።

ከእርሳሱ ይልቅ የሚያሳስበኝ ቱቦው ነው። ቤንዚኑ ኢታኖል ከተደባለቀበት የድሮውን ላስቲክ ያለሰልሰዋል። ታንከሩ ከፊት፣ ሞተሩ ከኋላ ነው፤ የቤንዚን መስመሩ መኪናውን ከዳር እስከ ዳር ያቋርጣል። የላስቲክ መገጣጠሚያዎቹን በሙሉ አዲስ አድርግ። የቤንዚን ሽታ ወደ ውስጥ ከመጣ ሞተር አታስነሳ።

የአለምገናው

ሰላም ሰፈር! የደረስኩበትን ልንገራችሁ።

ፍሬኑ አልቋል። ጎሚኒዎቹን በሶልያና ዘዴ በልካቸው አገኘኋቸው፤ ሻጩ የምን መኪና እንደሆነ እንኳ አልጠየቀኝም። ፔዳሉ አሁን ከላይ ይይዛል። ራዲያተሩ ተከፍቶ ተጠርጓል፣ ከግማሽ በላይ ቱቦው ተደፍኖ ነበር። ላሜራ ራሱ ከቡራዩ ድረስ መጥቶ ወለሉን ቆርጦ በየደልኝ፤ በሮቹ ይዘጋሉ። ያንን ፑሌጃም ከፈትኩት። ጋሼ፣ ሸክላ ያሉት ትንሽ ነው፣ በእንጨት እስኪለቅ ድረስ ተሟገትኩት።

ተነሳች። ቤቱን በጭስ ሞላችው፣ ቀጥላ ግን ጠራች። ስትሞቅ ሥራ ፈት ላይ ደህና ናት። ግቢውን ስዞራት ግን ከመጀመሪያ ማርሽ ወደ ሁለተኛ ድምፅ ሳታሰማ ትገባለች፤ ወደ መጀመሪያ ስመልሳት ግን ትጮኻለች። ካምቢዮው (ማርሽ ሳጥኑ) ነው?

ጋሽ ቴስታታ

እሰይ! ካምቢዮው ምንም አልሆነም። አንደኛ ማርሽዋ ሲንክሮ (ማርሹን ያለ ጩኸት የሚያስገባው) የላትም፣ ስትሠራም አልነበራትም። ወደ አንደኛ የምትመልሳት ቆማ ብቻ ነው። እየሄደች ከፈለግክ ፍሪሲዮን ረግጠህ አውጣ፣ ባዶ ላይ ትንሽ ነዳጅ ስጣት፣ ድጋሚ ረግጠህ አስገባ። የድሮ ሾፌር ሁሉ እንደዚያ ነበር የሚነዳው።

የፑሌጃውን ክዳን ስትመልስ አዲስ ጓርኒሲዮን አድርገሃል አይደል? አሮጌውን ከመለስከው ዘይቱ በዚያ ይረጫል። ብሎኖቹንም በመስቀል እያቀያየርክ እሰር።

የፊት እግሮቹን ፒን ግሪስ አጠጣ። ዘይት በቀየርክ ቁጥር ይደገማል። ፊት ያለችው አግድም ባሌስትራም ቅጠሎቿ መሃል አፈር ገብቶ ይሆናል፣ እጠባት።

የአለምገናው

ጓርኒሲዮኑን ራሴ ከወረቀት ቆርጬ ሠርቻለሁ፣ እስካሁን ጠብታ የለም። ግሪሱን ዛሬ እጨርሳለሁ።

የቀረኝ ጄቷ ናት። ካንዴላዎቹ እንደ ከሰል ጠቁረዋል፣ ሶልያና ያልሽው በትክክል እሱ ነው። የኔ ላይ 110 ይላል።

ሶልያና ዘለገጣፎ

እንግዲያው 105 ግጠምና ሞክር፤ ካልበቃ 102 ትወርዳለህ። እኔ ጋ ትርፍ 105 አለኝ። ወደ ጀሞ የምመጣበት ቀን አለ፣ በግል መልእክት ጻፍልኝ። በምትኩ ያንን 110 ስጠኝ፤ ዝቅ ወዳለው አዋሽ ስንወርድ ያስፈልገኛል።

አዲስ ገባ

የሚሸጥ ሰይቼንቶ የሚያውቅ አለ? ባትነሳም ችግር የለም።

ካንዴላ77

ወንድሜ ተራ ያዝ። ከፊትህ እኔ አለሁ፣ ከኔ ፊት ባትሪው አለ።